ቁልፉ በማን እጅ ነው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ዊተን፣ ሜሪላንድ፣ ከአባሎቻችን አንዷ ያደረገችው ንግግር)



ሰብሳቢያችን ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። እዚሁ ዊተን ሜትሮ ጣቢያ ያለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ 70 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ረጅሙ ነው ይሉታል። ተበላሽቶ በእግሩ የወጣው ያውቀዋል። ንግግሬ እንደዚያ ቀን እንዳይሆንባችሁ እጠነቀቃለሁ።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ እዚያ ጥግ ላይ ደም ግፊት ስለካ ነው። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ድረ ገጻችን ነው። “ነርስ ስለ ኮምፒውተር ምን አገባት?” የሚል ካለ አልቀየምም። ኮድ መጻፍ አልችልም። የመጣሁት ጥፋቴን ልናገርና ከጥፋቴ የተማርኩትን ላካፍል ነው። የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2023 መጀመሪያ ላይ ከማኅበራችን መሥራቾች አንዱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ዐረፉ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ ልጃቸው ጠጋ ብላ፣ “እኅቴ፣ አባባ የእናቶች ማቆያው ሲመረቅ ሪባን ሲቆርጡ የተነሡት ፎቶ ማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ አለ አይደል? ለቀብሩ ፕሮግራም እንፈልገዋለን” አለችኝ። የእናቶች ማቆያውን ታውቁታላችሁ። ከሩቅ ቀበሌ የምትመጣ ነፍሰ ጡር የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የምትቆይበት ቤት ነው። እኛ ከዚህ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ስንገዛ፣ የአገሩ ሰው ደግሞ ለገንፎው እህል አዋጥቶ የቆመ ቤት ነው። “አዎ፣ አለ” አልኳትና ስልኬን አውጥቼ አድራሻውን ጻፍኩ። የተከፈተው የቁማር ማስታወቂያ ነበር።

ስልኬን ቶሎ ወደ ቦርሳዬ መለስኩ። አየች ይሆን አላየች ይሆን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

በኋላ ስናጣራ ነገሩ ቀላል ሆኖ ተገኘ። የድረ ገጹ አድራሻ፣ ዶሜይን የሚሉት፣ በየጊዜው ይከፈልበታል። የተመዘገበው ግን በማኅበሩ ስም አልነበረም። ገጹን በነጻ በሠራልን ወጣት ስምና ኢሜይል ነበር። ልጁ ሌላ ስቴት ሄዷል፤ ሥራ ቀይሯል፤ ልጆች ወልዷል። ዓመታት ሙሉ ከኪሱ ሲከፍልልን አንድም ሰው “አመሰግናለሁ” አላለውም። በመጨረሻ አቅቶት ማስታወቂያውን ለእኔ አስተላለፈልኝ። እኔ የዚያን ጊዜ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ። ኢሜይሉ የደረሰኝ ከሌሊት ሽፍት ስወጣ ነው። “ነገ አየዋለሁ” አልኩ። በማግስቱም የሌሊት ሽፍት ነበረኝ።

ከዚህ በኋላ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ዶት ኮምና ዶት ኦርግን በመሰሉ አድራሻዎች ክፍያው ሲያልፍ ስሙ ወዲያው አይወሰድም። በአብዛኛው እስከ 45 ቀን የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ አለ። ከዚያ ጠንከር ባለ ክፍያ ማስመለስ የሚቻልበት 30 ቀን ይከተላል። ከዚያ 5 ቀን ይቆይና ለማንም ክፍት ይሆናል። ሲደመር ወደ 80 ቀን ይመጣል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ አንድ ሰዓት መስጠት አቅቶኝ ነው የማኅበራችን ስም ለቁማርተኛ የሄደው። ፋይሎቻችንን ያስቀመጠልን ድርጅትም ሒሳባችን ስለተቋረጠ ሁሉንም አጠፋው። ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ውሉን ያነበበ ግን አልነበረም።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የሥራ ባልደረባዬ ባል ስለ አንድ ጉባኤ ነገረኝ። ድረ ገጽ መሥሪያ የሆነው ዎርድፕረስ የሚጠቀሙና የሚሠሩ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ዎርድካምፕ የሚባል ጉባኤ አለ። የ2023ቱ የአሜሪካ ጉባኤ ከነሐሴ 24 እስከ 25 እዚሁ ሜሪላንድ፣ ናሽናል ሃርበር፣ ጌይሎርድ ሆቴል ውስጥ ነበር። ከአሌክሳንድሪያ ድልድዩን ተሻግሮ፣ የፖቶማክ ወንዝ ዳር ያ ትልቅ መንኰራኩር የቆመበት ማለት ነው። እኔም ጠዋት ከሥራ ወጥቼ፣ የነርስ ጫማዬን ሳልቀይር፣ 495ን ይዤ ሄድኩ። የሄድኩበት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ የጠፋ ድረ ገጽ ይመለሳል ወይ ብዬ የምጠይቀው ሰው ፍለጋ።

አዳራሹ ገብቼ ተደነቅሁ። የሁሉም ዓይነት ሰው አለ፤ ኮድ የሚጽፈው፣ ሥዕል የሚሥለው፣ ጦማር የሚጽፈው፣ ሱቁን በኢንተርኔት የሚያስተዳድረው። ከዋና ተናጋሪዎቹ አንዱ ኬን ሊዩ ነው። ድርሰት ጸሐፊ ነው፤ “የሦስት አካል ችግር” የተባለውን የቻይናውን የሊዩ ሲሺን ልብ ወለድ ወደ እንግሊዝኛ የተረጐመው እርሱ ነው። ቀደም ሲል ፕሮግራመርም ጠበቃም ነበር። በሌላ ክፍል ከናሳ የመጡ ባለሙያዎች የመሥሪያ ቤታቸውን ትልቁን ድረ ገጽ ወደ ዎርድፕረስ እንዴት እንዳዞሩ አስረዱ። ናሳ ማለት ከዚህ ብዙ ሳይርቅ ግሪንቤልት ላይ ጎዳርድ የሚባለው ማዕከሉ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕን ሥራ የመራለት መሥሪያ ቤት ነው። ዋይት ሃውስም ከ2009 ጀምሮ ድሩፓል የተባለውን፣ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ዎርድፕረስን ይጠቀማል። ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። “መሣሪያው ለእነሱ ከበቃ ለእኛስ ምን ጎደለን?” ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። የጎደለን መሣሪያ አልነበረም፤ ጠባቂ ነበር።

በነሐሴ 25 ደግሞ ዎርድፕረስ ዶት ኮም የመቶ ዓመት ውል መሸጥ መጀመሩ ተነገረ። 38,000 ዶላር ለሚከፍል ሰው አድራሻውንና ገጹን ለመቶ ዓመት እንጠብቃለን አሉ። ዋጋውን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ቆርቆሮ መቁጠር ጀመርኩ። ማታ ላይ ግን ሐሳቡ አልለቀቀኝም። እነዚህ ሰዎች ስለ መቶ ዓመት ያስባሉ፤ እኛ ስለ 80 ቀን ማሰብ አቃተን።

ከሰማሁት ሁሉ በልቤ የቀረው ግን ዎርድፕረስ የተወለደበት ታሪክ ነው። በ2003 መግቢያ ላይ ቢቱ የሚባል ሌላ ሶፍትዌር ነበረ። የሠራው ሚሼል ቫልድሪጊ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ሰውየው በድንገት ጠፋ፤ ሥራውም ቆመ። ተጠቃሚዎቹ ልክ እንደ እኛ ሜዳ ላይ ቀሩ። ማት ሙለንዌግ የሚባል የቴክሳስ ተማሪ፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ “ይህን ሥራ ብንቀጥለውስ?” ብሎ ጻፈ። ማይክ ሊትል የሚባል እንግሊዛዊ “እኔ አግዝሃለሁ” ሲል መለሰለት። ግንቦት 27 ቀን 2003 የመጀመሪያውን ዎርድፕረስ አወጡ። ዛሬ በዓለም ካሉት ድረ ገጾች ከአሥሩ አራት ያህሉ በእሱ ይሠራሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የእነሱም ሰው ጠፋ፤ የእኛም ሰው ሄደ። የእነሱ ሥራ ቀጠለ፤ የእኛ ቁማር ሆነ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ቢቱ ጂፒኤል በሚባል ፈቃድ የወጣ ክፍት ምንጭ ነበር። ማንም ሰው ወስዶ ሊጠቀምበት፣ ውስጡን ሊያይ፣ ሊያሻሽለው፣ ለሌላ ሊሰጠው ይችላል። ዋናው ግዴታ ይህ ነው፤ አሻሽለህ ለሌላ ስትሰጥ ያንኑ መብት አብረህ ትሰጣለህ። ስለዚህ ሠሪው ቢጠፋም ሥራው አልተቀበረም።

ይህን ሲያስረዱን ደቦ ትዝ አለኝ። ቤት ስሄድ ግን አሰብኩና ደቦ ሳይሆን ወንፈል ይመስላል አልኩ። ደቦ የጠራ ሰው ጠላና እንጀራ አዘጋጅቶ፣ አብልቶ አጠጥቶ ይሸኛል፤ ዕዳው በዚያው ቀን ያልቃል። ወንፈል ግን ብድር አለው። ዛሬ እርሻዬን አረማችሁልኝ፤ ነገ የእናንተን አርማለሁ። ክፍት ምንጭም እንዲህ ነው። ስንወስድ ማንም በር ላይ ቆሞ ገንዘብ አይጠይቀንም። ብድሩን ማስታወስ ግን የራሳችን ነው። በዎርድካምፕ ልማድ ተናጋሪዎቹ ለንግግራቸው አይከፈላቸውም፤ የሚያስተናግዱትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ንግግሮቹም ተቀድተው ማንም እንዲያያቸው ይለቀቃሉ። ያ ወጣት ግን ለእኛ ሲያርም ከረመ፤ የእሱን ማሳ ያረመለት የለም።

ሁሉ ነገር የተቀደሰ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሰው ባለበት ጠብ አለ። በመስከረም 2024 በፖርትላንድ፣ ኦሪገን በተደረገው በዚሁ ጉባኤ ማት ሙለንዌግ መድረክ ላይ ወጥቶ ደብሊውፒ ኤንጅን የተባለውን ድርጅት ነቀፈ፤ ከሚጠቀመው ያነሰ ያዋጣል የሚል ክስ ነበር። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ድርጅቱ ማሻሻያዎችን ከሚያወርድበት ቋት ተከለከለ። በጥቅምት መጀመሪያ ድርጅቱ ፍርድ ቤት ሄደ። ማን ልክ ነው የሚለውን ለዳኞቹ እተዋለሁ። እኔ የወሰድኩት ትምህርት ሌላ ነው። ኮዱ የሁሉም ነው፤ በሩ ግን ቁልፍ አለው፤ ቁልፉም በጥቂት ሰዎች እጅ ነው። ነገሩ የጋራ ነው ማለት ብቻውን አይበቃም። ቁልፉ በማን እጅ ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለእኛ ደግሞ መልሱ በአንድ የደከመ ልጅና በአንዲት እንቅልፍ ባጣች ነርስ እጅ ነበር።

አሁን “ይህ የኮምፒውተር ሰዎች ጉዳይ ነው” ለምትሉ ስለ አንዲት ነርስ ልንገራችሁ። እኔ የነርስነት ዲግሪዬን እዚሁ አሜሪካ ስማር መድኃኒት ከመስጠት በፊት የበሽተኛውን የእጅ አምባርና የመድኃኒቱን መስመር ኮድ በመሣሪያ ማንበብ ግዴታ መሆኑን ተምሬአለሁ። ይህን ሐሳብ ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ያመጣችው ሱ ኪኒክ የተባለች የቶፒካ፣ ካንሳስ ነርስ ናት። የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። የተከራየችውን መኪና ስትመልስ ሠራተኛው ኮዱን በእጅ መሣሪያ ሲያነብ አየች። “ለመኪና እንዲህ ካደረጉ ለሰው ለምን አይሆንም?” አለች። ከዓመታት በኋላ በመላ አገሪቱ ባሉት የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ተሠራበት። መሣሪያውን የሠሩት ሌሎች ናቸው፤ ችግሩን ያየችው ግን ነርሷ ናት።

በአገራችንም ክፍት ምንጭ የጤና ሥራ ውስጥ ገብቷል። ጤና ጣቢያዎቻችን ወርኃዊ ሪፖርታቸውን የሚያስገቡበት ዲኤችአይኤስ ቱ የሚባለው ሶፍትዌር ክፍት ምንጭ ነው። ሥሩ ከአፓርታይድ ማግሥት በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ሥራ ነው፤ የሚመራው በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። በማቆያችን ቆይታ በሰላም የወለደች እናት በዚያ ቁጥር ውስጥ አለች። የኦስሎውም ሰው፣ የደቡብ አፍሪካውም ሰው አያውቃትም፤ ሥራቸው ግን ይቆጥራታል።

ወደ ጉባኤው ልመለስ። ዎርድፕረስን ወደየቋንቋው የሚመልሱ ሰዎች አሉ፤ አማርኛም ቦታ አለው። ማንም ሰው ተመዝግቦ ትርጉም ያቀርባል፤ ኃላፊነት ያለው ሰው አይቶ ያጸድቃል። እኔም ሞከርኩ። የመጀመሪያው ቃል “ሴቭ” ነበር። ቀላል መሰለኝ። “አስቀምጥ” ልበል? ተጠቃሚዋ ሴት ብትሆንስ? “አስቀምጪ” ልበል? ጋሼ ቢሆኑስ? “ያስቀምጡ” ልበል? ወይስ “ይቀመጥ” ብዬ ማንንም ሳልጠራ ልለፍ? እንግሊዝኛ ይህ ጣጣ የለበትም። እኛ ግን ቁልፍ ላይ እንኳ ሰው እናከብራለን። አንድ ሰዓት ፈጅቼ የሠራሁት ጥቂት መስመር ነው። አጠገቤ አማርኛ ጠንቅቀው የሚያውቁ የእኛ አባቶች ቢኖሩ ብዬ ተመኘሁ። ኮድ የሚያውቁት ልጆቻችን እንደልብ አማርኛ የላቸውም፤ አማርኛ ያላቸው አባቶች ኮድ አያውቁም። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ግን ሙሉ ሰው ይወጣቸዋል።

የፊደሉንም ነገር አንሡልኝ። የማኅበራችን የድሮ ቃለ ጉባኤዎች በዘመኑ በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። ዛሬ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ነገር ነው የሚታየው። ያኔ እያንዳንዱ ፎንት ፊደሎቻችንን በራሱ መንገድ ይቆጥር ስለነበር ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ስልካችሁ ላይ አማርኛ የምትጻጻፉት ከዚያ ወዲህ ሁሉም በአንድ ቍጥር ስለተስማማ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ካልመለሰው እንደጠፋ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ፤ የጠፋው ተመለሰ ወይ? ምሳ ላይ አጠገቤ ለተቀመጡ አንዲት ሴት ታሪኩን ነገርኳቸው። ሹካቸውን አስቀምጠው ስልካቸውን አወጡና “አሮጌውን አድራሻ ንገሪኝ” አሉኝ። ዌይባክ ማሽን የሚባል አለ። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የድረ ገጾችን ቅጂ እየሰበሰበ የሚያስቀምጥበት መዝገብ ነው። ጻፉት፤ ቀን መረጡ፤ ገጻችን ወጣ። ከነአሮጌው ቀለሙ! እዚያው ምግብ ቤት ውስጥ እንባዬ መጣ።

ሁሉም አልነበረም። ጽሑፎቹ አሉ፤ የማቆያው አዋጪዎች ዝርዝር አለ። ፎቶዎቹ ግን ባዶ ሳጥን ሆነው ቀርተዋል። የጋሼ ፎቶ የለም። የቀብሩ ፕሮግራም በፓስፖርት ፎቶ ነው የታተመው። ይህን ማንም ሊመልሰው አይችልም። ምናልባት ከእናንተ አንዱ በአሮጌ ስልኩ ይዞት ይሆናል፤ ካለ እባካችሁ ፈልጉልኝ።

እንግዲህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ አዲሱ አድራሻ በማኅበሩ ሕጋዊ ስም ይመዝገብ። ኢሜይሉም የማኅበሩ ይሁን፤ የግለሰብ አይሁን። የይለፍ ቃሉን ሦስት ኃላፊዎች ይያዙት፤ ኃላፊ ሲቀየር እንደ ማኅተሙና እንደ ቼክ ደብተሩ በፊርማ ይረከብ። ዶሜይን በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ድረስ መክፈል ይቻላል፤ እንክፈለው።

ሁለተኛ፣ መጠባበቂያ ቅጂ ይኑረን። ባለሙያዎቹ የሚሉት ደንብ ቀላል ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። አንዱ እዚህ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ፣ አንዱ አገር ቤት ይቀመጥ። በሆስፒታል ልብ ሲቆም የምንገፋው ጋሪ አለ። በየቀኑ ከፍተን እናየዋለን። ስላለ ብቻ አናምነውም፤ ባትሪው ሊሞት፣ መድኃኒቱ ጊዜው ሊያልፍ ይችላል። መጠባበቂያውም እንዲሁ ነው። በየዓመቱ የኦዲተሩ ሪፖርት ሲቀርብ፣ አንድ ሰው በዚሁ ጉባኤ ፊት ቅጂውን ከፍቶ ያሳየን።

ሦስተኛ፣ ብድራችንን እንክፈል። በዓመት ሁለት ቅዳሜ አባቶችና ልጆች አብረን እንቀመጥ። ግማሹ ጊዜ የድሮ ቃለ ጉባኤዎቻችንን ወደ ዩኒኮድ ለመመለስ ይሁን፤ ግማሹ ዎርድፕረስን ወደ አማርኛ ለመመለስ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ ነርስነቴ ነው። ክፍት ማለት ሁሉ ነገር አደባባይ ይውጣ ማለት አይደለም። መሣሪያው ክፍት ይሁን፤ የአባላት ስልክ ቁጥርና አድራሻ ግን ይቆለፍ። በማቆያው ያለች እናት ፎቶ ያለ ፈቃዷ አይለጠፍ። “ድሀ ናትና አትከፋም” የሚባል ነገር የለም።

ልጨርስ ነው። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። ድር ግን ካልተጠበቀ አንድ ዘንግ ይበቃዋል፤ ቤቷን የምትጠርግ ሴት ሁሉ ታውቃለች።

ከዌይባክ ማሽን ያወጣነውን የአዋጪዎች ዝርዝር ከበሩ አጠገብ ለጥፌዋለሁ፤ ስትወጡ እዩት። የብዙዎቻችሁ ስም አለ፤ መቶ ዶላር፣ ሁለት መቶ ዶላር። ከታች ደግሞ የአገር ቤት ሰዎች ዝርዝር አለ። እዚያ ውስጥ የአንዲት እናት ስም አለ፤ ከፊቱ “አንድ ቁና ጤፍ” ይላል። ሴትዮዋ ዛሬ በሕይወት የሉም። ያን ጤፍ የሰጡ መሆናቸውን የሚያስረዳ በዓለም ላይ የቀረው ጽሑፍ ያ ብቻ ነበር፤ እሱም ለጥቂት ነው የተረፈው። ከአሁን በኋላ ግን ሦስት ቅጂ አለው። አንዱ በእጄ ነው፤ ሁለቱን ለአዲሱ ኮሚቴ ዛሬ፣ በፊታችሁ፣ በፊርማ አስረክባለሁ።

 ደም ግፊት መለካት የምትፈልጉ ከምሳ በኋላ እዚያ ጥግ አለሁ።